«ዦሬ ፊኒ» ከማለትዎ በፊት፦ በፈረንሳይኛው ፉቱር አንቴሪዬር ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የፉቱር አንቴሪዬርን፣ ማለትም ወደፊት ከሚሆን ሌላ ነገር በፊት የሚያልቅ ድርጊት የሚነገርበትን ጊዜ፣ እርባታ በቃሉ የማይወጣ ተማሪ እምብዛም አያጋጥመኝም። ከሁለቱ ረዳት ግሶች አቯርን ወይም ኤትርን በወደፊት ጊዜ ማርባት፣ ከዚያ የዋናውን ግስ ፓርቲሲፕ ፓሴ (ድርጊቱ መፈጸሙን የሚያሳየውን ቅርጽ) ማስከተል፣ በቃ። «ዦሬ ፊኒ»፣ ጨርሼ እሆናለሁ። «ዠ ስሬ ፓርቲ»፣ ሄጄ እሆናለሁ። ችግሩ የሚመጣው እርባታው አልቆ ዓረፍተ ነገር መሥራት ሲጀመር ነው። ማታ ማታ የማስተምራቸው ዐዋቂዎች ናቸው፤ አንዱ በአፍሪካ ኅብረት ለመቀጠር፣ ሌላዋ ወደ ኩቤክ ለመሄድ፣ ሌላው ጅቡቲ ካሉ ደንበኞቹ ጋር ለመጻጻፍ ይማራል። ዓላማቸው የተለያየ ነው፤ የሚሰናከሉት ግን አንድ ቦታ ላይ ነው። (የፈረንሳይኛውን ቃል በእኛ ፊደል የጻፍኩት ድምፁን ለማቀራረብ ያህል ነው፤ አጻጻፉን ከመማሪያ መጽሐፍዎ ጋር ያስተያዩት።)

ከሁሉ የሚያናድደኝን ላስቀድም። «ሲጨርስ ይደውልልኛል» ስንል አማርኛችን ስለ ቅደም ተከተሉ ብዙም አያስጨንቀንም፤ የወደፊትነቱን «ይደውልልኛል» ይሸከመዋል። «ከጨረሰ በኋላ ይደውልልኛል» ስንል ደግሞ ጭራሽ ገና ያልተፈጸመውን ነገር በኀላፊ ጊዜ እንናገራለን። ትምህርት ቤት የተማርነው እንግሊዝኛም እንዲህ ባለው ቦታ የወደፊት ጊዜን አያስገባም። ከሁለቱ ቋንቋዎች የመጣ ተማሪ ምን ይጽፋል? «ካን ኢል ፊኒ፣ ኢል ማፔልራ»። አርማለሁ፣ በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣል። በቀይ አሰምርበታለሁ፣ በሌላ ግስ ተለውጦ ይመጣል። ትክክለኛው «ካን ኢል ኦራ ፊኒ፣ ኢል ማፔልራ» ነው። የጎደለችው «ኦራ» ብቻ ናት፤ እርስዋ ከሌለች ግን ዓረፍተ ነገሩ አንድ እግሩን ዛሬ፣ አንድ እግሩን ነገ ላይ አድርጎ ይቆማል።

ሕጉ ይህን ያህል የሚያስፈራ አይደለም። ዋናው ሐረግ ወደፊት ከሆነ፣ በ«ካን» ወይም በ«ሎርስክ» (ሁለቱም «...ጊዜ»)፣ በ«ዴ ክ» ወይም በ«ኦሲቶ ክ» (ሁለቱም «ልክ እንደ...»)፣ ወይም በ«ዩን ፏ ክ» («አንዴ ከ...») የሚመራው ሐረግም ወደፊት ይሄዳል። ሁለቱ ድርጊቶች አብረው የሚሆኑ ከሆነ ተራው የወደፊት ጊዜ ይበቃል፦ «ካን ኢል ስራ ላ፣ ኑ ማንዥሮን»፣ እሱ ሲኖር እንበላለን። አንዱ አልቆ ሌላው የሚከተል ከሆነ ቀድሞ የሚያልቀው ፉቱር አንቴሪዬር ይሆናል። የሚከተለው ግን ተራ የወደፊት ጊዜ እንደሆነ ይቀራል፤ ሕጉ የገባቸው ተማሪዎች በደስታ ሁለቱንም ፉቱር አንቴሪዬር ሲያደርጉ አያለሁና።

አንድ ተማሪዬ ፓሪስ ደርሶ ሲመለስ «እነርሱ ራሳቸው እኮ ‹ካን ታ ፊኒ፣ ቱ ማፔል› (ስትጨርስ ትደውልልኛለህ) ይላሉ» ብሎ ሞገተኝ። እውነቱን ነው፣ በጨዋታ መካከል ይላሉ። ነገር ግን ዋናውን ግስም አብረው ወደ አሁን ጊዜ አምጥተውታል። እሱ የጻፈው ግን «ካን ታ ፊኒ» ብሎ ጀምሮ በወደፊት የሚጨርስ ነበር፤ ይህን ደግሞ ከፓሪስ አላመጣውም።

ቀጥሎ የ«ሲ» ነገር አለ። የፈረንሳይኛው «ሲ» የእኛው «ሲ» አይደለም! የእኛው «ሲመጣ» ጊዜን ይነግራል፤ የእነርሱ «ሲ» ግን «ከመጣ» ወይም «ቢመጣ» ማለት ነው። ድምፃቸው መመሳሰሉ ብቻ ስንቱን ጀማሪ እንዳሳሳተ የማውቀው እኔ ነኝ። «ስጨርስ» ለማለት «ሲ» ብሎ ይጀምርና፣ የካንን ትምህርት ያስታውስና፣ «ሲ ዦሬ ፊኒ» ብሎ ያርፋል። በአንድ ቃል ላይ ሁለት ጥፋት። የሁኔታ «ሲ» ከኋላው የወደፊት ጊዜን አያስከትልም፤ «ሲ ዤ ፊኒ አቫን ሚዲ፣ ዠ ታፔልሬ» ነው የሚባለው። እዚህ ላይ አማርኛችን እንኳ ይረዳናል፤ «ከቀትር በፊት ከጨረስኩ እደውልልሃለሁ» ስንል «ከጨረስኩ» ኀላፊ መሆኑን ልብ ይሏል። የፈረንሳይ ልጆች ይህን ሕግ «ሌ ሲ ኔም ፓ ሌ ሬ» እያሉ ይማሩታል። በጆሮ ሲሰማ «መጋዞች ሬ የተባለውን ዓሣ አይወዱም» ማለት ነው፤ ቁም ነገሩ ግን «ሲ» ካለ «ሬ» የሚል መድረሻ አይከተለውም ነው። ይህን የሰማ ተማሪ ደግሞ «ሲ»ን ባየ ቁጥር ይሸሻል። አይሽሹ። «ሲ» ጥያቄን በተዘዋዋሪ ሲያመጣ የወደፊት ጊዜን ይቀበላል፦ «ዠ ም ድማንድ ሲል ኦራ ፊኒ»፣ ጨርሶ ይሆን እያልኩ ነው።

«እስከ ዓርብ እጨርሳለሁ» ብለው «ዡስካ ቫንድርዲ» እንዳይሉ። በአማርኛ «እስከ ዓርብ እሠራለሁ»ም «እስከ ዓርብ እጨርሳለሁ»ም ትክክል ናቸው፤ በፈረንሳይኛ «ዡስካ» ለመጀመሪያው ብቻ ነው፣ ሥራው ሳይቋረጥ እዚያ ድረስ ሲዘልቅ። ለቀነ ገደብ «ዲሲ» ይበሉ፦ «ዦሬ ፊኒ ዲሲ ቫንድርዲ»።

አሁን ወደ አንዲት ፊደል ልምጣ። «ዦሬ» መጨረሻው ላይ ኤስ ከሌለው የወደፊት ነው፤ ኤስ ካለው ኮንዲሲዮኔል («ቢሆን ኖሮ» የሚባልበት መልክ) ነው፣ ትርጉሙም «ጨርሼ እሆናለሁ» መሆኑ ቀርቶ «በጨረስኩ ነበር» ይሆናል። ብዙ ፈረንሳዮች ሁለቱን አንድ አድርገው ስለሚያነቡአቸው ጆሮ አይፈርድም። በአንድ መሥሪያ ቤት የሚሠራ ተማሪዬ ለአለቃው ሪፖርቱ ዓርብ የተጠናቀቀ እንደሚሆን በኢሜይል አሳወቀ፤ ማለትም ማሳወቁ ነበር። ኤሷን ጨመረባት። አለቃው በሁለት ቃል መለሰለት፦ ታዲያ ምን አገደህ? ልጁ መልሱን ይዞ መጥቶ «ምን አጠፋሁ?» አለኝ። ሪፖርቱ በነገራችን ላይ በጊዜው ደርሶ ነበር። መለያ ዘዴው ቀላል ነው። የሚጠራጠሩበትን ዓረፍተ ነገር ባለቤት «እኛ» አድርገው ደግመው ይበሉት። «ኑ ዞሮን» ካለ የወደፊት ነው፣ ኤስ አያስፈልገውም። «ኑ ዞሪዮን» ካለ ኮንዲሲዮኔል ነው። በዚህ መደብ ልዩነቱ ለጆሮ ጥርት ብሎ ይሰማል።

ስለ ረዳት ግሱ ብዙ አልልም፤ በረዳት ግስ ከሚሠራው ኀላፊ ጊዜ፣ ከፓሴ ኮምፖዜ፣ የተለየ ነገር የለውም። ኤትርን የሚወስዱት እዚህም ኤትርን ይወስዳሉ፣ ፓርቲሲፑም በፆታና በቁጥር ከባለቤቱ ጋር ይስማማል። «ኤል ስራ ፓርቲ» ሲጻፍ የማትሰማዋ የአንስታይ «ኧ» መጨረሻው ላይ አትቅር። «ሶርቲር» (መውጣት)፣ «ዴሳንድር» (መውረድ)፣ «ሞንቴ» (ወደ ላይ መውጣት)ና መሰሎቻቸው ግን ቀጥተኛ ተሳቢ ካገኙ ወደ አቯር ይዞራሉ፦ መኪናዋን ከጋራዥ ያወጣች ሴት «ኤል ኦራ ሶርቲ ላ ቯቱር» ናት እንጂ «ኤል ስራ» አይደለችም። አሉታው «ፓ» እና «ዴዣ»ን የመሰለው ተውሳከ ግስ ከረዳት ግሱ ቀጥለው ይቀመጣሉ፦ «ዠ ኖሬ ፓ ፊኒ»።

በማንበብ ላይ የሚሠራ ስህተትም አለ፤ በዚህ ተማሪዎቼን አልቆጣም፣ እንዲያውም ደስ ይለኛል። «ኤል ኦራ ኡብሊዬ» የሚል ደብዳቤ ላይ ያለ ሐረግ አንዲት ተማሪ «ትረሳለች» ብላ ተረጎመችው። ደብዳቤው የሚያወራው ስላለፈው ማክሰኞ ነበር። ያለፈ ነገር እንዴት ወደፊት ይረሳል? እዚህ ላይ ፉቱር አንቴሪዬር ግምት ነው፣ «ረስታ ይሆናል»። «ኢል ኦራ ማንኬ ለ ትራን» ሲሉም «ባቡሩ አምልጦት ይሆናል» ማለታቸው ነው። አሠራሩን ልብ ብለው ይዩት፤ ቦዝ አንቀጽ ላይ «ይሆናል» ስንጨምር እኛም ያለፈውን ነገር በወደፊት ግስ እየገመትን ነው። ይህን ካሳየኋቸው በኋላ ሁለተኛ የተሳሳተ ተማሪ አላየሁም።

በጋዜጣ ላይ የሚያጋጥመው ግን ግምትም ትንቢትም አይደለም። አንድ ታላቅ ሰው ሲሞት «ኢል ኦራ ማርኬ ሶን ኤፖክ» ተብሎ ይጻፍለታል። ሕይወቱ ተጠናቆ ሲታይ በዘመኑ ላይ አሻራውን ትቷል ለማለት ነው። «ትቶ ይሆናል» ብለው ከተረጎሙት ሟቹንም ጸሐፊውንም አስቀይመዋል።

የቀረው «አፕሬ ክ» («ከ... በኋላ») ነው። የሁለቱ ድርጊቶች ባለቤት አንድ ከሆነ ጭራሽ አያስፈልግም፣ «አፕሬ ዛቯር ፊኒ» ይቀላል። ባለቤቱ ሌላ ከሆነ «አፕሬ ኪል ስራ ፓርቲ» ይበሉ። ከሄደ በኋላ የሚሆነው ነገር መሄዱን እንደ እርግጥ ስለሚቆጥር ግሱ ኤንዲካቲፍ (እርግጡን የሚናገረው ተራ መልክ) ይሆናል፤ ሱብዦንክቲፍን (ያልተረጋገጠውን የሚናገረውን መልክ) የሚፈልገው «አቫን ክ» («ከ... በፊት») ነው፣ ያ ገና ያልሆነ ነገር ነውና። ፈረንሳዊ ባልደረባዎ በሱብዦንክቲፍ «አፕሬ ኪል ስዋ ፓርቲ» ቢልዎት አይከራከሩት፤ የተማሩትም የሬዲዮ ጋዜጠኞችም ሲሉት ይሰማል። በፈተና ወረቀትዎ ላይ ግን እንዳይጽፉት።