ጫማችሁን ሳታራግፉ አታጥልቁ
ክረምት ሲገባ ጎርፉ የእባቡን ጉድጓድ ይሞላዋል፤ እሱም ደረቅና ሞቅ ያለ ቦታ ፍለጋ ይወጣል። ቆላ የምትኖሩ፣ በተለይ መተማ ለሰሊጥ አረም የምትወርዱ፣ እባካችሁ ደጅ ያደረ ቦቲ ጫማ ሳትገለብጡና ሳታራግፉ እግራችሁን አታስገቡ። አይጥ ባለበት እባብ አይጠፋምና የእህል ጆንያውን ከግድግዳ አርቁት፤ ከበሩ ሥር ያለውን ክፍተት በጨርቅ ወትፉት።

መኪናችሁንም ሣር ላይ አታሳድሩ። ጠዋት ኮፈኑን ከፍታችሁ በእጅ ባትሪ እዩ፣ እጃችሁን ግን አትስደዱ። እኔ አንድ ማለዳ ሞተሩ ሥር የተጠቀለለ እፉኝት አይቻለሁ፤ ከአቧራውና ከቅጠሉ በጭራሽ አይለይም ነበር።

ከነደፈ ቁስሉን አትብጡት፣ አትምጠጡት፣ በገመድም አጥብቃችሁ አትቋጥሩት። እብጠቱ ሳይጀምር ቀለበትና አልቦ አውልቁ፤ የተነደፈውን ሰው ሳታስረግጡ ተሸክማችሁ ወደ ሆስፒታል አድርሱት።