የኩባ ሲጋር ስትገዙ ቀለበቱን ብቻ አትዩ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳታቸው ነገሮች

ከሃቫና ይዤ የመጣሁት የመጀመሪያው ሳጥን 25 ፍሬ ነበረው፣ ከዛ ውስጥ በደንብ የተሳበልኝ 4 ብቻ ነው። ሌላው ወይ ተደፍኖ ጉንጬን እስኪያመኝ ብስበው ጭስ የለም፣ ወይ ደሞ በአንድ ጎኑ ብቻ እየነደደ ይሄዳል። የኩባ ሲጋር ለካ ስም ብቻ ነው ብዬ ተናድጄ ነበር። በደርግ ጊዜ በልጅነቱ ወደ ኩባ፣ ወደ ወጣቶች ደሴት፣ ተልኮ እዛ ያደገ አጎት አለኝ፣ ሳጥኑን ሳሳየው ቀለበቱን (ሲጋሩ ላይ የሚጠመጠመውን የብራንድ ወረቀት) እንኳን ሳያይ ገለበጠና ቂጡን አይቶ "ይሄ የመንገድ ነው ልጄ" አለኝ። ከዛ ወዲህ የገባኝ ነገር አንድ ጥሩ ሲጋር ማግኘት ቀላል ነው፣ ከባዱ ሁሌ ጥሩ ማግኘት ነው፣ እሱም የሚመጣው የምትገዙትን እያንዳንዱን ሳጥን በማወቅ ነው።

ስለዚህ ከራሴው ስህተት ልጀምር፣ ከመንገድ መግዛት። አሮጌው ሃቫና ውስጥ ስትዞሩ አንዱ ጠጋ ይልና ከየት ነህ ይላል፣ ኢትዮጵያ ስትሉት ኦጋዴን የተዋጋ ዘመድ አያጣም (እውነትም ሊሆን ይችላል፣ ብዙ ኩባዊ ሄዷል)፣ ልባችሁ ይሞቃል፣ ከዛ የአክስቴ ልጅ ፋብሪካ ነው የሚሠራው፣ ለሠራተኛ ድርሻ ይሰጣል፣ ዛሬ ደሞ የኮፕሬቲቭ ቀን ስለሆነ በግማሽ ዋጋ ነው ይላችኋል። ዛሬ ብቻ የሚባለው ቀን ነገም አለ፣ ከነገ ወዲያም አለ። ሳጥኑ እውነተኛ ሊመስል ይችላል፣ ማህተሙም ቀለበቱም አለ፣ ውስጡ ግን ቁርጥራጭ ቅጠል ነው። በተለይ ክዳኑ መስታወት የሆነ የኮሂባ (ውዱ የኩባ ብራንድ) ሳጥን ካያችሁ ጥያቄም አያስፈልገውም፣ ኮሂባ በመስታወት ክዳን ተሸጦ አያውቅም። ትምባሆ የሚበቅልበት ገጠር፣ ቪኛሌስ፣ ሄዳችሁ ገበሬው ከራሱ ትምባሆ ጠቅልሎ ያለ ቀለበት የሚሸጥላችሁ ግን ሌላ ነገር ነው፣ እሱ ሐቀኛ ነገር ነው፣ እኔ ደስ ብሎኝ እገዛለሁ፣ ብቻ ከፋብሪካው ጋር አታወዳድሩት። ለሳጥን ላ ካሳ ዴል ሃባኖ የሚባሉት ኦፊሴላዊ ሱቆች አሉ፣ ከኩባ ውጪም ዱባይን ጨምሮ ብዙ ከተማ አሉ። ደረሰኙን አትጣሉት፣ ከኩባ ስትወጡ ጉምሩክ ሊጠይቃችሁ ይችላል።

ሁለተኛው ስህተት ማህተሙን አይቶ መርካት ነው። አረንጓዴና ነጩ የመንግስት ማህተም ከ1912 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ያለ ነገር ነው፣ አሁን ሆሎግራምና ባርኮድ ተጨምሮበታል፣ ቁጥሩን ሃባኖስ ኤስ ኤ (ከ1994 ጀምሮ የኩባን ሲጋር ለዓለም የሚሸጠው ድርጅት) ድረገፅ ላይ አስገብታችሁ ማረጋገጥ ትችላላችሁ፣ አድርጉት። ግን ማህተሙ የሚነግራችሁ እውነተኛ መሆኑን ነው እንጂ ጥሩ መሆኑን አይደለም። ለሱ ሳጥኑን ገልብጡት። ታች "ሄቾ ኤን ኩባ"፣ በኩባ የተሠራ፣ የሚል አለ፣ "ቶታልሜንቴ አ ማኖ"፣ ሙሉ በሙሉ በእጅ፣ የሚል አለ፣ ይሄኛው ከ1989 ወዲህ የመጣ ነው። ከሱ አጠገብ "ትሪፓ ኮርታ" ከተጨመረ ውስጡ የተከተፈ ቅጠል ነው፣ ኪንቴሮና ሆሴ ፒዬድራ የሚባሉት ብራንዶች እንደዛ ናቸው፣ መጥፎ አይደሉም፣ ርካሽ ናቸው፣ ግን ሙሉ ቅጠል ነው ብላችሁ እንዳትገዙ። "አ ማኖ" የሚል ጭራሽ ከሌለ የማሽን ነው።

አሁን ዋናው ነገር፣ እዛው ታች በቀለም የተመታ ኮድ አለ፣ ሦስት ፊደልና ከስሩ ወርና ዓመት። ወሩ በስፓኒሽ ነው፣ ኤኔ ካለ ጃንዋሪ፣ አጎ ካለ ኦገስት፣ ዲክ ካለ ዲሴምበር፣ ሳጥን ውስጥ የገባበት ወር ማለት ነው። ሦስቱ ፊደላት የፋብሪካው ኮድ ናቸው፣ በየጊዜው ስለሚቀያይሩት የቱ ፋብሪካ እንደሆነ ላታውቁ ትችላላችሁ፣ ግን ችግር የለውም፣ አንድ ኮድና አንድ ወር ማለት አንድ ቤት ውስጥ በአንድ ሰሞን የተጠቀለለ ማለት ነው። አንዱ ሳጥን በጣም ጥሩ ከሆነላችሁ ሱቁ ጋ ተመልሳችሁ ያንኑ ኮድና ወር ጠይቁ። ይህንን የሚያደርግ ሰው ትንሽ ነው፣ እኔ ካወቅኩት ነገር ሁሉ በጣም የጠቀመኝ ግን ይሄ ነው።

ለምን መሰላችሁ፣ ሲጋር የሚጠቀልለው ሰው ነው። ቶርሴዶሩ፣ ማለትም ጠቅላዩ፣ ሊጌሮ (ከተክሉ ጫፍ የሚለቀም፣ ኃይለኛውና ቀስ ብሎ የሚነደው)፣ ሴኮ እና ቮላዶ የሚባሉትን ቅጠሎች በእጁ አጥፎ መሃላቸው አየር የሚያልፍበት መንገድ ትቶ ነው የሚጠቀልለው፣ ትንሽ ካጠማዘዘው ወይ ካበዛው በቃ ይደፈናል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ዓለም ሁሉ ሲጋር ሲፈልግ ኩባ ምርቱን በችኮላ አሳደገችና የተደፈነ ሲጋር በዛ፣ ከዛ በኋላ ነው ፋብሪካዎች ውስጥ አየር ማለፉን የሚለካ ማሽን የገባው። ስለዚህ ሳጥኑ መቼ እንደተሠራ ማወቅ ትልቅ ጥቅም አለው።

ውዱን ብራንድ መከተልም አለ። ኮሂባ በ2022 ዋጋው በዓለም ዙሪያ አንድ ሲደረግ ብዙ ቦታ በጣም ተወደደ፣ ሰው ደሞ የተወደደ ነገር ሁሌ እኩል ጥሩ ይመስለዋል፣ አይደለም፣ የተደፈነ ኮሂባ አለ። እኔ ለጀማሪ የምለው ከብራንዱ በፊት መጠኑን ምረጡ ነው። ሮቡስቶ 124 ሚሊሜትር ርዝመት፣ 50 ሪንግ ውፍረት ነው፣ ወፈር ስለሚል ብዙ ጊዜ ጥሩ ይሳባል፣ ላንሴሮ ግን 38 ሪንግ ነው፣ ቀጭን ስለሆነ ትንሽ ስህተት ይደፍነዋል። ሲያምር ግን ላንሴሮን የሚያህል የለም።

አሜሪካ ላላችሁ፣ እዛ ሱቅ ውስጥ ኮሂባ ተብሎ የሚሸጠውና "ኦ" ፊደሏ መሃል ቀይ ነጥብ ያለው የዶሚኒካን ሪፐብሊክ ነው፣ ከኩባው ጋር ስም እንጂ ትምባሆ አይጋራም። የኩባውን ከጉዞ ይዞ መግባትም ከ2020 መስከረም ወዲህ ተመልሶ ተከልክሏል፣ ስለዚህ ዘመድ ይዞልኝ ይምጣ ብላችሁ ሰው ጣጣ ውስጥ አትክተቱ።

ከዛ ደሞ ጥሩ ሳጥን ገዝቶ ቤት ውስጥ ማበላሸት አለ። ከረጅም ጉዞ እንደመጣ ያንኑ ቀን አታጭሱት፣ ቢያንስ ሁለት ሦስት ሳምንት ይረፍ። አዲስ የተጠቀለለ ከሆነማ አሞኒያ አሞኒያ ይሸታል፣ ወራት ይፈልጋል። አዲስ አበባ በበጋ አየሩ ደረቅ ነው፣ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ሲጋር በቀናት ውስጥ ይሰነጠቃል። ሂዩሚዶር (እርጥበት የሚጠብቅ የሲጋር ሳጥን) ባይኖራችሁ አየር የማያስገባ የፕላስቲክ የምግብ ዕቃና የ65 ፐርሰንት የእርጥበት ፓኬት ይበቃል። የእርጥበት መለኪያውን ግን እንዲሁ አትመኑት፣ በጠርሙስ ክዳን ጨውና ጥቂት ውሃ ለውሳችሁ ከመለኪያው ጋር የታሸገ ዕቃ ውስጥ አሳድሩት፣ 75 ማንበብ አለበት፣ 70 ካለ 5 እየጨመራችሁ አንብቡ። ሙቀት ላይ ደሞ ተጠንቀቁ፣ ቦታው በጣም ከሞቀ የትምባሆ ትል ይፈለፈልና ሳጥኑን ሙሉ ይበሳዋል፣ ጅዳና ዱባይ ያላችሁ በተለይ መኪና ውስጥ እንዳትተዉት።

የመጨረሻው ችኮላ ነው። በደቂቃ አንዴ መሳብ ይበቃል፣ ሲፈጥን ይግልና ይመራል፣ ከዛ ሰው ሲጋሩን ይወቅሳል። በአንድ ፍሬም አትፍረዱ። እኔ አሁን አዲስ ሳጥን ስከፍት ከላይኛው ረድፍም ከታችኛውም እየወሰድኩ ሦስት እሞክራለሁ፣ ኮዱን፣ ወሩን፣ እንዴት እንደተሳበ ደብተር ላይ እፅፋለሁ። ሦስቱም ከጠበቁብኝ ሳጥኑን ዘግቼ ስድስት ወር አልነካውም፣ እርጥበቱን ወደ 62 አወርድና እንደገና እሞክረዋለሁ፣ አንዳንዱ ይከፈታል፣ አንዳንዱ ደሞ አይከፈትም፣ ያ ኮድ ደብተሩ ላይ ቀይ ይሰመርበትና ሁለተኛ አልገዛውም።