ለጥናት ወደ ሲቲ ዞን ለምትወጡ፦ ከውሃው ጀምሩ

የሶማሌ ክልሉ ሲቲ ዞን መቀመጫ ሽንሌ ከድሬዳዋ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። ብዙ አዲስ ሠራተኛ ይህን ቅርበት ያይና ሲቲን በአንድ ሳምንት አዳርሶ የሚመለስ ይመስለዋል። ሲቲ ግን ኤረርን፣ አፍደምን፣ አዲጋላን፣ አይሻን ይዞ ጅቡቲ ድንበር ደወሌ ድረስ የሚዘልቅ ሰፊ ቆላ ነው። እኔ ሹፌር ነኝ። ጥናት የሚሠሩትንም፣ የእንስሳት ሐኪሞችንም፣ እርዳታ የሚያድሉትንም ወደዚያ ሳመላልስ ኖሬያለሁ። ስለ አንድ ወረዳ ጽፋችሁ እንድትመጡ ከተላካችሁ፣ አቦ፣ ይህን ስሙኝ።

ስለ ወሰንና ስለ ቀበሌ ብዛት ከመጠየቃችሁ በፊት ውሃ የት እንዳለ ጠይቁ። የቀበሌ መስመር ቢሮ ውስጥ የተሰመረ ነው፤ አርብቶ አደሩ የሚንቀሳቀሰው በጉድጓዱና በዝናቡ ነው። አራቱን ወቅቶች በሶማሊኛ ስማቸው ያዙ። ዲራ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚጥለው ዝናብ ነው። ቀጥሎ ሀጋ፣ ሙቀቱ የሚበረታበት ደረቅ ጊዜ ይመጣል። ካራን ከሐምሌ እስከ መስከረም የሚዘንበው ዋናው ዝናብ ነው። ከዚያ ረጅሙ በጋ፣ ጂላል። «እዚህ ስንት አባወራ አለ?» የሚል ጥያቄ ወቅቱ ካልተጠቀሰበት መልስ የለውም። በካራን ግመልና ፍየል የሞላው ሰፈር በጂላል የቀሩት አዛውንቶችና ሕፃናት ብቻ ሊሆኑ ይችላሉ። የቀበሌው ሊቀመንበር የሚነግራችሁ ቁጥር ከምታዩት ጋር ካልገጠመ ዋሽቷል አትበሉ፤ የሌላ ወር ቁጥር ይሆናል።

«በጂላል ከብቱን ወዴት ትነዳላችሁ? ይህን ጉድጓድ ማን ቆፈረው? ከሌላ ጎሳ የመጣ ሰው ማንን አስፈቅዶ ያጠጣል? የውሃ ቦቴ መጥቶላችሁ ያውቃል?» ብላችሁ ጠይቁ። ጉድጓዱን ማን እንደቆፈረው ስታውቁ፣ በዚያ አገር ማን ማንን እንደሚሰማ ግማሹን አወቃችሁ ማለት ነው።

መሬቱን ስታዩ ደግሞ ወደ ደቡብ ዞር በሉ። ከድሬዳዋ በላይ ካለው ከደንገጎ ተራራ በኩል የሚወርደው ጎርፍ ድሬዳዋን አልፎ ቆላው አሸዋ ውስጥ ይሰርጋል፤ ላዩ የደረቀ ወንዝ ሲቆፈር ውሃ የሚሰጠው ለዚህ ነው። ስለዚህም መኪና የወንዙ አሸዋ ላይ አቁማችሁ ጥላ ሥር አትረፉ። እናንተ ጋ ሰማዩ ጠርቶ ደጋው ላይ ሊዘንብ ይችላል። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ከተማውን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ድሬዳዋ ውስጥ ከ200 ሰው በላይ ፈጅቷል።

አስተዳደሩ ላይ ብዙ ሰው ይምታታበታል። ድሬዳዋ በአዋጅ ቁጥር 416/1996 ቻርተር ያላት፣ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት የሆነ ከተማ ናት፤ የራሷ የገጠር ቀበሌዎችም አሏት። ሲቲ ግን የሶማሌ ክልል ዞን ነው፣ መቀመጫው ሽንሌ፣ የክልሉ ዋና ከተማም ጅግጅጋ። እንግዲህ መንገዱን አስቡት፤ የሽንሌ ባለሥልጣን ወደ ገዛ ክልሉ ዋና ከተማ ለመሄድ ድሬዳዋን ያልፋል፣ ደንገጎን ወጥቶ ኦሮሚያ ይገባል፣ ሐረርን አቋርጦ በባቢሌ በኩል ጅግጅጋ ይደርሳል። «ደብዳቤው ለምን ዘገየ?» ከማለታችሁ በፊት ይህን አስታውሱ። ፈቃድ ከዞኑ፣ ከዚያ ከወረዳው አውጡ፤ የድሬዳዋ ደብዳቤ እዚያ አይሠራም።

ማኅተም ይዛችሁ ስትደርሱም ሽማግሌዎቹ ጋ ሳትቀርቡ ሥራ አትጀምሩ። በአካባቢው የሶማሌ ጎሳ በኢሳዎች መካከል ኡጋዙ (የጎሳው መሪ) እና «ሄር ኢሴ» የተባለው በቃል የሚተላለፍ ሕግ አሁንም ይሠራል። ዩኔስኮ በኅዳር 2017 ይህን ሕግ የኢትዮጵያ፣ የጅቡቲና የሶማሊያ የጋራ ቅርስ አድርጎ መዝግቦታል። የደም ካሣም፣ የግጦሽ ጠብም የሚዳኘው በዚያ ነው። ሽማግሌውን «አደር» (አጎቴ እንደማለት ነው) በሉ፣ ጫማችሁን አውልቃችሁ ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ፣ የቀረበላችሁን የግመል ወተት ጠጡ፤ ጥያቄው ከዚያ በኋላ ይድረስ። ስብሰባ በጧት ያዙ፤ ጫት ከደረሰ በኋላ ቁም ነገር አይያዝም።

ኢኮኖሚውን በቢሮ ሠንጠረዥ አታገኙትም። ገበያ ውሉ። ደላሎቹ በጨርቅ ሥር ጣት ለጣት ተያይዘው ዋጋ ሲነጋገሩ ታያላችሁ፤ አጠገባቸው ቆማችሁ የግመሉን ዋጋ አትሰሙም፣ ሽያጩ ካለቀ በኋላ ሻጩን ለብቻው ጠይቁት። ወደ አረብ አገር የሚሄደው በግና ፍየል በአረፋ ሰሞን ዋጋው ስለሚወጣ፣ ያን ሰሞን የሰማችሁትን የዓመቱ አማካይ አታድርጉት። ሴቶቹን አትርሱ፦ የግመል ወተት ሰብስበው ድሬዳዋ የሚያወርዱት እነሱ ናቸው፤ የቤቱ የዕለት ገንዘብም ከዚያ ይወጣል። ኤረር በኩል በመስኖ ፍራፍሬ ይለማል። ከተሞቹ አብዛኞቹ የድሮው ባቡር ጣቢያዎች ነበሩ፤ በ2010 ሥራ የጀመረው አዲሱ ባቡር ደግሞ በዋናነት የጅቡቲን ኮንቴይነር ያመላልሳል። ስለዚህ ሐዲዱ አለፈ ብላችሁ ሰፈሩ ተጠቀመ ብላችሁ አትጻፉ፤ ጠይቁ።

ወረቀቱ አናት ላይ ከቀኑ አጠገብ ወቅቱን ጻፉ፣ ካራን ወይም ጂላል፣ ዝናቡ ጥሎ እንደሆነም ጨምሩ። ይህን አጥብቄ የምለው በ2007 እና በ2008 ድርቅ ሲቲ ላይ ከብት እንዴት እንዳለቀ ስላየሁ ነው። ሰው በሌለበት ወር የተቆጠረ ሰፈር ቦቴ ሲከፋፈል ድርሻው ያንሳል፤ ያ ቁጥር ደግሞ ከእናንተ ወረቀት ነው የሚወሰደው።