አንዴ የወለቀ ትከሻ በስፖርት ጊዜ ሲከዳ፦ ምልክቱ፣ መነሻውና መፍትሄው

ከዓመታት በፊት ኳስ ሲጫወት ወይም ወድቆ ትከሻው የወለቀ ሰው፣ በዕለት ሥራው ምንም ሳይሰማው ቆይቶ ስፖርት ሲጀምር ትከሻው በተወሰኑ እንቅስቃሴዎች ላይ ብቻ ሊከዳው ይችላል። የክንድ አጥንት ራስ ትልቅና ክብ ሲሆን የሚያርፍበት ጉድጓድ ግን ጥልቀት የለውም፤ በቦታው የሚያቆዩት በጉድጓዱ ጠርዝ ያለው የልም አጥንት ቀለበት፣ ጅማቶቹና ጡንቻዎቹ ናቸው። ትከሻ በአብዛኛው የሚወልቀው ወደ ፊት ስለሆነ ቀለበቱና ጅማቱ የሚጎዱትም በዚያው በኩል ነው። የላላ ጅማት በስፖርት አይጠብቅም፤ ጡንቻ ግን ይጠነክራል።

ምልክት፦ እጅ ሲነሣ «ሊወልቅ ነው» የሚል ስጋት

ድንጋይ ሊወረውር እንደተዘጋጀ ሰው ክንድ ወደ ጎን ተነሥቶ ወደ ኋላ ሲዞር፣ የአጥንቱ ራስ በተጎዳው የፊት በኩል ይገፋል። ስለዚህ ብረትን ከአንገት ጀርባ ማውረድና ማንሣት ጨርሶ መተው አለበት። ብረት ወደ ላይ የሚገፋ ሰው ክንዱን ከጎኑ 30 ዲግሪ ያህል ወደ ፊት አምጥቶ፣ በቀላል ክብደትና ስጋቱ እስከማይሰማው ከፍታ ብቻ ይሥራ።

ምልክት፦ በፑሽ አፕ ወይም በቤንች ፕሬስ (በጀርባ ተኝቶ ብረት መግፋት) የትከሻ ፊት ሕመም

ሕመሙ ታች ሲደረስ የሚብስ ከሆነ፣ ክርን ከጎን በጣም ርቆ ከደረት በታች እየወረደ መሆኑን ማየት ይገባል። ክርንን ከጎን 45 ዲግሪ አካባቢ ማድረግ፣ ፑሽ አፕን ከግድግዳ ወይም ከጠረጴዛ መጀመር፣ ብረትንም ወለል ላይ ተኝቶ መግፋት ይረዳል፤ ወለሉ ራሱ ክርኑን ያስቆመዋልና። ዲፕስን (በሁለት ብረቶች መካከል በእጅ ተደግፎ ሰውነትን ማውረድና ማንሣት) መተው፣ በፑል አፕም (ብረት ላይ ተንጠልጥሎ ሰውነትን ወደ ላይ መሳብ) ትከሻን ለቅቆ አለመንጠልጠል ነው።

ምልክት፦ ትከሻው የተጨመደደ መምሰል

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የላላ መገጣጠሚያን ለመጠበቅ ጡንቻዎች ራሳቸውን ሲይዙ ጭምደዳ ይመስላል፤ ባለቤቱም በበር መቃን ላይ ክንዱን እየጎተተ ሊያፍታታው ይሞክራል፣ የላላውንም ይበልጥ ያላላዋል። የሚያስፈልገው ማጠንከር ነው። መጀመሪያ ክርን ከጎን ተጣብቆ 90 ዲግሪ እንደታጠፈ፣ የእጅን ጀርባ ግድግዳ ላይ አድርጎ ሳያንቀሳቅሱ ለ10 ሰኮንድ መግፋት፤ ይህ ያለ ሕመም ሲቻል፣ በዚያው አቋም ቀላል ላስቲክ ወደ ውጭ መሳብ፤ ቀጥሎም ላስቲኩን ፊት ለፊት አስሮ ወደ ሆድ በመጎተት የትከሻ ሳህንን (ከትከሻ ጀርባ ያለውን ጠፍጣፋ አጥንት) የሚይዙ ጡንቻዎችን ማጠንከር ነው። ጂም ውስጥ ላስቲክ የሚጎትተውን የሚያደንቅ የለም፤ ሆኖም ይህ ሥራ በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን ለወራት ካልተሠራ ከባድ ብረት ማንሣት ችኮላ ነው።

ምልክት፦ እንደገና መውለቅ፣ መደንዘዝ ወይም መዛል

የክንዱ የላይኛው ውጫዊ ክፍል ከደነዘዘ ነርቭ ተነክቶ ሊሆን ይችላል። የወለቀውን ትከሻ በራስ እጅ መጎተትም ሆነ ወጌሻ ዘንድ ሄዶ ማስጎተት አደገኛ ነው፤ የተሰበረ አጥንት መኖር አለመኖሩ ሳይታይ ቢጎተት ስብራቱ ሊብስ፣ ነርቭና ደም ሥርም ሊጎዳ ይችላልና። ክንዱን ባለበት አቋም ደግፎ በነጠላ ወይም በሻርፕ አንጠልጥሎ ወደ ሆስፒታል መሄድና ራጅ መነሣት ይገባል። ትከሻው በእንቅልፍ ወይም ኮት ሲለበስ እንኳ የሚወልቅ ከሆነ ጉዳዩ ከስፖርት መልመጃ አልፏልና፣ ቀዶ ሕክምና ያስፈልግ እንደሆነ የአጥንት ሐኪም ይወስን።