ልጅን ቤት ስናስተምር የምንሠራቸው ስህተቶች (አብዛኛውን እኔም ሠርቼዋለሁ)

በየዓመቱ ነሐሴ ሲገባ ስልኬ ይበዛል። «ዘንድሮ ልጆቹን ቤት ላስተምራቸው ነው፤ ከየት ልጀምር?» ትለኛለች አንዷ እናት። ከየት እንደሚጀመር መናገር ይከብደኛል። ከየት እንደማይጀመር ግን አሳምሬ አውቃለሁ።

የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ልጆቼ 8፣ 6 እና 3 ዓመታቸው ነው። ትልቁን ቤት ማስተማር ከጀመርኩ ይሄ አራተኛ ዓመቴ ነው። ባለቤቴ ሌሊት ስለሚነዳ ጠዋት ይተኛል፤ አፓርታማችን ደግሞ ባለሁለት መኝታ ናት። ይህን የምነግራችሁ ምክሩ ከምን ዓይነት ቤት እንደሚመጣ እንድታውቁት ነው። ሰፊ ቤትና ግቢ ያላቸው ሰዎች የሚጽፉትን እያነበብኩ ብዙ ጊዜ አልቅሻለሁ።

ሳሎኑን ክፍል ማድረግ

የመጀመሪያው ዓመት ነጭ ሰሌዳ ገዛሁ። ደወል ገዛሁ። አዎ፣ ደወል። 300 ዶላር የሚጠጋ የመጻሕፍት ሳጥንም አዘዝኩ። ልጄ በየጠዋቱ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ከትቶ ይቀመጣል፤ እኔ ፊቱ እቆማለሁ። በሦስተኛው ሳምንት ጠረጴዛ ሥር ገብቶ አልወጣም አለ። ለምኜ፣ ተቆጥቼ፣ ከረሜላ አሳይቼ፣ በመጨረሻ እኔም ገብቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። የዚያን ቀን ንባቡን እዚያው ሥር አነበብን፤ ከሳምንታት ሁሉ የተሻለው ትምህርት ያ ሆነ። ደወሉን ትንሹ ሰብሮታል፤ እግዜር ይስጠው።

የ5 ወይም የ6 ዓመት ልጅ ብቻውን ከእናቱ ጋር ሲቀመጥ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይበቃዋል። ትምህርት ቤት ቀኑን ሙሉ የሚፈጀው መሰለፍ፣ መጸዳጃ ቤት፣ ዝም ማሰኘት፣ ሃያ ምናምን ልጅ እስኪጨርስ መጠበቅ ስላለ ነው። እኛ ቤት ያ የለም። የቀረውን ሰዓት ይጫወት፣ ይሰላች፣ ሊጥ ያቡካ።

ሊጥ ስል ቀልዴን አይደለም። በሦስተኛው ቀን ከሊጡ አናት ላይ የሚቀረውን ውሃ አብረን እንደፋለን። ጥቂት ሊጥ ወስደን አብሲት እንጥላለን፤ መልሰን ስንቀላቅለው ሊጡ ኩፍ ይላል። ለምን ኩፍ እንደሚል ጠየቀኝ። በዓይን የማይታዩ ትንንሽ ፍጥረቶች ስኳሩን እየበሉ ጋዝ ያወጣሉ አልኩት። «ይፈሳሉ?» አለኝ። አዎ፣ በግርድፉ እንደዚያ ነው። የእንጀራው ዓይን ያ ጋዝ የወጣበት ቀዳዳ መሆኑን ሲያውቅ ለሁለት ቀን እንጀራ አልበላም አለ። ሳይንስ ግን ገብቶታል።

አማርኛን የቁጣ ቋንቋ ማድረግ

ደሜን የሚያፈላው ይሄኛው ነው። ስለዚህ ታገሡኝ።

ልደት ላይ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ልጅየው ሥዕል ስሎ ሲያመጣ እናቱ «ዋው፣ ጉድ ጆብ ስዊቲ!» ትላለች። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ጭማቂ ሲያፈስ «አንተ! ዓይንህን ግንባር ያድርገው!» ይመጣል። ምስጋናው በእንግሊዝኛ፣ ስድቡ በአማርኛ። ፍቅሩ በእንግሊዝኛ፣ «ና ቁጭ በል»፣ «ዝም በል»፣ «እመታሃለሁ» በአማርኛ። ልጁ 7 ዓመት ሲሞላው የሚያውቀው አማርኛ የወታደር ካምፕ አማርኛ ነው። ከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት እንልከውና «ለምን ይጠላዋል?» ብለን እንገረማለን። እኔ ብሆንም እጠላዋለሁ!

ቤት የሚያስተምሩ እናቶች ላይ ደግሞ ይብሳል። «የሚማረው በእንግሊዝኛ ስለሆነ እኔም በእንግሊዝኛ ላስረዳው» ይላሉ። ሁለት ቋንቋ ልጁን ያምታታዋል ያላቸው ሰውም አይጠፋም፤ እኔንም አንድ ክሊኒክ ውስጥ ብለውኛል። ልጅ በሁለት ቋንቋ ሲያድግ አንዱን ካንዱ ይቀላቅል ይሆናል እንጂ አይምታታም። መቀላቀሉም የጤና ነው። አዋቂዎቹ እኛስ አንዲት ዓረፍተ ነገር ሳንቀላቅል መች እንጨርሳለን?

እኔም በዚህ ተሞኝቻለሁ። አንድ ዓመት ሙሉ እየተንተባተብኩ በእንግሊዝኛ አስተማርኩ። አንድ ቀን ስለ በግ የሚያወራ መጽሐፍ ሳነብለት ልጄ አስቆመኝ። «ማሚ፣ ሺፕ አይደለም፤ ሺፕ ነው» አለኝ። ደገምኩት። «አይደለም፣ ሺፕ!» ይላል። በፊደላችን ስጽፈው እንኳ ሁለቱም ያው ነው፤ አንዱ በግ፣ አንዱ መርከብ። ጆሮዬ አይለያቸውም። ልጄ ግን በ5 ዓመቱ ለይቶታል። ከእኔ አልነበረም የተማረው፤ ከሠፈር ልጆችና ከመጻሕፍት ቤቱ የተረት ሰዓት ነው። እንግሊዝኛው ከውጭ ራሱ ይመጣል፤ እዚህ አገር ማንም አያስቆመውም። አማርኛው ግን ከእናንተ አፍ ካልወጣ ከየትም አይመጣም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥርዓቱን ቀየርኩ። የእንግሊዝኛ መጽሐፍ እሱ ያነብልኛል፤ እኔ በአማርኛ እጠይቀዋለሁ። ሒሳብ የምንጀምረው በአማርኛ ነው። «አሥራ ሦስት» ሲል አሥርና ሦስት መሆኑ እዚያው ቃሉ ውስጥ ተቀምጧል። በእንግሊዝኛ «ኢለቨን» ሲባል ውስጡ አሥርም አንድም አይታይም። መካከለኛዋ መደመር የገባት በዚህ ነው።

ስለዚህ «የኔ ጌታ»፣ «እሰይ»፣ «እናትዬ»፣ «ጎሽ» የሚባሉትን ቃላት ከዛሬ ጀምሮ አውጧቸው። ማታ «ተረት ተረት» በሉ፤ «የላም በረት» ብለው እስኪመልሱላችሁ አትተኙ። የግድ መቆጣት ካለባችሁ በእንግሊዝኛ ተቆጡ። ቃሉ እስኪመጣላችሁ ንዴቱ ይበርዳል።

ፊደልን በዜማ ብቻ ማስተማር

ልጄ በ5 ዓመቱ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» በዜማ ይወርደው ነበር። እንግዳ ሲመጣ አስቆመዋለሁ፤ ይላል፤ ይጨበጨብለታል። እኔም እኮራለሁ። እናቴ ለክረምት መጣችና ገበታው ላይ «መ»ን በጣቷ ነክታ «ይቺ ማን ናት?» አለችው። ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ «ሀ ሁ ሂ...» ብሎ ከላይ ጀመረ። «ሐ»ን አልፎ «መ» ላይ ሲደርስ «መ!» ብሎ ጮኸ። እናቴ ወደ እኔ ዞራ «ይሄ ልጅ በጆሮው ነው እንጂ በዓይኑ አያውቃትም» አለችኝ።

አባቷ ቄስ ነበሩ። የፖስታ ጀርባ ላይ «አ ቡ ጊ ዳ» ብላ ጻፈችለት። የኔታዎች ለካ ይህን ችግር ድሮ ያውቁት ነበር። ልጁ ሀሁን ከቆጠረ በኋላ ተራውን አፍርሰው አቡጊዳ ያስቆጥሩታል። የለመደው ዜማ ሲጠፋበት በግዱ ፊደሉን ያያል። እኔ ደግሞ ያንን የድሮ ነገር ነው ብዬ ዘልዬው ነበር።

ስለዚህ 231ዱን ፊደል ግድግዳ ላይ ሰቅላችሁ በአንድ ክረምት ልታስጨርሱት አትሞክሩ። በስሙ ፊደሎች ጀምሩ። ከዚያ ቶሎ ቃል የሚሆኑትን ስጡት፤ «ላም»፣ «ቤት»፣ «አባ»። ካዕብ በስተቀኝ ወገቡ ላይ፣ ሣልስ ደግሞ እግሩ ላይ ጭረት እንደሚጨምር አሳዩትና ሌላውን ራሱ ያግኝ። «ሩ» እና «ፉ» ላይ ሲደርስ «ይሄ ተሳስቷል!» ብሎ ይቆጣል፤ ይቆጣ።

ሀ፣ ሐ እና ኀ ላይ ከልጅ ጋር ክርክር አትግጠሙ። አዋቂዎቹም አልጨረሱትም።

አንድ ነገር ልጨምር። ማጥበቅና ማላላት በጽሑፋችን አይታይም። ልጄ ማስታወሻዬ ላይ «አባዬ ገና አልመጣም» የሚለውን አንብቦ «በገና ነው የማይመጣው?» ብሎ አለቀሰ። ጀማሪ አንባቢን ብቻውን አትተዉት፤ አጠገቡ ሆናችሁ ድምፅ አውጥቶ ያንብብላችሁ።

ወረቀቱን ለመጨረሻ ሌሊት ማቆየት

ሜሪላንድ ውስጥ ልጅ ቤት ልታስተምሩ ከሆነ፣ ከመጀመራችሁ ቢያንስ 15 ቀን በፊት ለካውንቲው የትምህርት ኃላፊ ታሳውቃላችሁ። ከዚያ የልጁን ሥራዎች የያዘ ፖርትፎሊዮ እያዘጋጃችሁ ታሳያላችሁ፤ ግምገማው በዓመት ከሦስት ጊዜ አይበልጥም። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስና ማኅበራዊ ትምህርት ብቻ አይደለም፤ ሥነ ጥበብ፣ ሙዚቃ፣ ጤናና ስፖርትም ይታያሉ። የሊጡን ፎቶ ያነሣሁት ለዚህ ነው።

እኔ የመጀመሪያውን ዓመት ሥራውን ሁሉ ካርቶን ውስጥ ወርውሬ ለግምገማው ዋዜማ ሌሊት አቆየሁት። እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ስደረድር አደርኩ። ጠዋት ገምጋሚዋ ገልበጥ ገልበጥ ታደርግና ቀና ብላ ታየኛለች። «ልጅሽ መቼ ነው የተወለደው?» አለችኝ። 2017 አልኳት። ወረቀቱን አዞረችልኝ፤ «12/2/2015» ይላል። ለካ ልጁ ሥራውን በሠራ ቁጥር ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ስጽፍ ከርሜያለሁ! ጥቅምት 12 ማለቴ ነበር። በእሷ ዓይን ግን ልጄ ከመወለዱ ሁለት ዓመት በፊት መደመር ጀምሯል። ደግነቱ ሳቀች። 13 ወር እንዳለን ሳስረዳት ያንን ራሱን በማኅበራዊ ትምህርት ጻፈችልኝ።

እያንዳንዱን ወረቀት በሠራበት ቀን ቀኑን ጻፉበት። በፈረንጅ።

ሌላ ግዛት ያላችሁ የእኔን ሕግ አትቅዱ። ቨርጂኒያ ማሳወቂያው እስከ ኦገስት 15 ነው፤ የልጁ መሻሻል ማስረጃ ደግሞ በቀጣዩ ዓመት እስከ ኦገስት 1 ይፈለጋል። ቴክሳስ ጭራሽ ማሳወቅ አያስገድድም። ጀርመን ያላችሁ ደግሞ ይህን ጽሑፍ ለጨዋታ አንብቡት፤ እዚያ ትምህርት ቤት መሄድ ግዴታ ነው፤ በቤት ትምህርት መተካት አይፈቀድም።

ጥቃቅኖቹ

የሐበሻውንና የፈረንጁን ሰዓት አቆጣጠር በአንድ ሳምንት አታስተምሩ። የእኔ ልጅ ለጥርስ ሐኪሟ «ቀጠሮዬ በአራት ሰዓት ነው» ብሎ በእንግሊዝኛ ተርጉሞላት ከሰዓት በኋላ ልታዛውረን ነበር።

የሦስት ዓመቱን ልጅ «እሱ ይጫወታል» ብሎ መርሳት ትልቅ ስህተት ነው። የቤቱ ርእሰ መምህር እሱ ነው። መጀመሪያ 15 ደቂቃ ለእሱ ብቻ ስጡት፤ ከጠገበ ይተዋችኋል። ካልተዋችሁ ሳፋ ውስጥ ውሃና ጭልፋ ስጡት። ምስር አትስጡት፤ አፍንጫው ውስጥ ይከታል። ከእኔ ውሰዱ።

«ሰው ሳይለምድ ያድጋል» የሚሏችሁን አትስሟቸው። እንዲህ የሚሉት የሐበሻን ቅዳሜና እሑድ የማያውቁ ናቸው። ክርስትና፣ ማኅበር፣ ልደት፣ ሰርግ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት። ለልጆቼ ሰው አልጠፋባቸውም፤ እኔን ነው የበዛብኝ።

አባትን ከጨዋታው አታስወጡት። የእኔው በእርሳስና በወረቀት ማስተማር አይችልም፤ ግን ማይሉን፣ ቤንዚኑንና ጉርሻውን አብሯቸው ያሰላል። ማባዛትን ያስተማራቸው እሱ ነው።

«ቤት ነሽ አይደል?»

ይሄን ስህተት እስካሁን አልተውኩትም። ቤት የምታስተምር እናት በዘመድ አዝማድ ዓይን ሥራ የሌላት ሴት ናት። ጠዋት አራት ሰዓት፣ ንባብ ላይ እያለን፣ አዲስ አበባ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ስልኩ ይጀምራል። እዚህ ያሉት ደግሞ «እትዬን ሐኪም ቤት ታደርሻታለሽ? ቤት ነሽ አይደል?» ይላሉ። ለጀማሪዎች የምለው አንድ ነው። እስከ ስድስት ሰዓት ስልካችሁን መሳቢያ ውስጥ ክተቱት፤ «ሥራ ላይ ነኝ» በሉ። ሥራ ነው።

እንዲህ ብዬ የምመክረው እኔ ባለፈው ማክሰኞ ሦስቱንም ልጆች ጭኜ ደለስ ኤርፖርት ሄድኩ። የባለቤቴ የአክስት ልጅ በጠዋቱ የአዲስ አበባ በረራ ትመጣለች ተባለ፤ እሱ ደግሞ ገና መተኛቱ ነው። አውሮፕላኑ ዘገየ። ትንሹ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። አጠገባችን አበባ የያዘ ሰውዬ በካርቶን ላይ «እንኳን ደህና መጣሽ እማዬ» ብሎ ጽፎ ቆሟል። የስድስት ዓመቷ ጠጋ ብላ በጣቷ ጀመረች። «እ... ን...» አለችና ቆመች። «ኳ»ን ገና አላስተማርኳትም። ሰውዬው ቁጢጥ አለላት። «ይሄ ኳ ነው። ኩ እና አ ተጋብተው የወለዱት» አላት። እስከ መጨረሻው አብረው አነበቡት፤ ሁለቴ።

እናትየው በተሽከርካሪ ወንበር እየተገፉ ብቅ ሲሉ ሰውዬው ሮጠ። ካርቶኑ ልጄ እጅ ላይ ቀረ። አሁን ፍሪጃችን ላይ ተለጥፏል። ከጀርባው ቀኑን ጽፌበታለሁ፤ በፈረንጅ።