በሶብላው ለምን መነመነ? የቤት ውስጥ ተክል የመብራትና የተባይ ችግር ከነመፍትሄው

ሚኒሶታ፣ ቶሮንቶ ወይም ስቶክሆልም ያለ አበሻ በብርዱ ወራት በሶብላ፣ ጤና አዳምና ኮሰረት ቤት ውስጥ ሲያሳድግ የሚገጥመው ጣጣ አንድ ዓይነት ነው። መጀመሪያ ተክሉ ይመነምናል። ቀጥሎ ትንኝ ይመጣል። ከዚያ ሩጫው ወደ ሱቅ፣ መድኃኒት ፍለጋ ነው። እባካችሁ፣ ምንም ከመርጨታችሁ በፊት መብራታችሁን እዩ። ብርሃን ያነሰው ተክል ውሃ በደንብ አይጠጣም። አፈሩ ረጥቦ ይከርማል። ትንኝ የሚፈልገው ደግሞ እሱኑ ነው።

ግንዱ ቀጥኖ ይመዘዛል፣ ቅጠሉ ይገረጣል፣ ወደ መስኮት ያጋድላል

ይሄ የብርሃን ረሃብ ነው። አዲስ አበባ ላይ ቀኑ ዓመቱን ሙሉ ወደ 12 ሰዓት ይጠጋል። ታኅሣሥ ላይ ሚኒያፖሊስ 9 ሰዓት አይሞላም፤ ስቶክሆልም ደግሞ 6 ሰዓት ገደማ ነው። ለእኛ ዓይን ብሩህ የሆነ ሳሎን ለበሶብላ ጨለማ ነው።

ነጭ የኤልኢዲ የተክል መብራት ግዙ። ወይን ጠጅ ቀለም የሚያበራውን ካልወደዳችሁት ግድ የለም፣ ነጩ በቂ ነው፤ እንዲያውም በነጭ ብርሃን የቅጠሉን ትክክለኛ ቀለም ማየት ትችላላችሁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ርቀቱ ላይ ነው። መብራቱን ጣሪያ ላይ ሰቅሎ «አልሠራም» ይላል። የአንድ አምፖል ርቀት እጥፍ ሲሆን ተክሉ የሚያገኘው ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ ከተክሉ አናት ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ላይ አድርጉት፤ ተክሉ ባደገ ቁጥር ከፍ አድርጉ። ታይመሩን ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ሙሉት። ሌሊቱን ሙሉ አታብሩ፣ ተክልም ጨለማ ያስፈልገዋል።

አስቀድሞ የተመዘዘውን በሶብላ አትጣሉት። ከታች ሁለት ወይም ሦስት ጥንድ ቅጠል አስቀሩና ከዚያ በላይ ያለውን ቁረጡ። ከተቆረጠበት ሥር ሁለት አዲስ ቅርንጫፍ ይወጣል። የቆረጣችሁትን ጫፍ ውሃ ባለበት ብርጭቆ አኑሩት፤ በአንድ ሁለት ሳምንት ሥር ያበቅላል።

የላይኛው ቅጠል ነጣ፣ ጫፉ ደረቀ

መብራቱ በጣም ቀርቧል። እጃችሁን በተክሉ አናት ልክ ዘርጉ፤ ከሞቃችሁ ለተክሉም ሞቆታል። ኤልኢዲ ግን ሳይሞቅም ቅጠል ሊያነጣ ስለሚችል በእጅ ብቻ አትተማመኑ። 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጉና አዲስ የሚወጣውን ቅጠል ጠብቁ። የተቃጠለው አያገግምም። ቢጫው የጀመረው ከታችኛው ቅጠል ከሆነ ግን ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የመብራቱ መቅረብ ሳይሆን የውሃ ብዛት ወይም የማዳበሪያ ማነስ ነው።

የበሶብላው ቅጠል ከጠቆረ መስኮቱን ተመልከቱ። ከ10 ዲግሪ በታች የሆነ ብርድ አይችልም፣ የቀዘቀዘ መስታወት ከነካው ይጠቁራል።

ጥቃቅን ጥቁር ትንኞች ከአፈሩ ይነሳሉ

የሚበሩት ተክሉን አይጎዱም። የሚጎዱት አፈር ውስጥ ያሉት እጮች ናቸው፤ ቀጫጭን ሥሮችን ይበላሉ፣ በተለይ የችግኝ። መኖራቸውን ለማረጋገጥ ጥሬ ድንች ቁረጡና የተቆረጠውን ፊት አፈሩ ላይ ደፍታችሁ ለጥቂት ቀን ተዉት። ስታነሱት ጭንቅላታቸው ጥቁር፣ ሰውነታቸው ነጣ ያለ ትሎች ካያችሁ እነሱ ናቸው።

የአፈሩ አናት ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር እስኪደርቅ ውሃ አታጠጡ። ሳህኑ ላይ የተጠራቀመውን ድፉ። ለሚበሩት ቢጫ ማጣበቂያ ካርድ ስቀሉ። ካላቆመ፣ የወባ ትንኝ እጭ ለመግደል የሚያገለግለው ቢቲአይ የሚባል ባክቴሪያ በእንክብል መልክ ይሸጣል። ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉና በዚያ ውሃ በየሳምንቱ አጠጡ። ካርዱ ብቻውን ግን አይበቃም፤ እጩ ታች እስካለ ትንኙ ይቀጥላል።

ቅጠሉ በመርፌ የተወጋጋ ይመስላል፣ ቀጭን ድር ይታያል

ስፓይደር ማይት የሚባል፣ የሸረሪት ዘመድ የሆነ ደቃቅ ተባይ ነው፤ ከሁሉም የምፈራው እሱን ነው። ሂተር ያደረቀው ሞቃት አየር ይመቸዋል፤ በሞቃት ክፍል ከእንቁላል እስከ አዋቂ በሳምንት ገደማ ይደርሳል። ነጭ ወረቀት ከቅጠሉ ሥር ያዙና ቅጠሉን መታ መታ አድርጉ። የወደቀው ነጠብጣብ ከተንቀሳቀሰ ጥርጥር የለም።

ተክሉን ሻወር ቤት ውሰዱና የቅጠሉን ጀርባ በውሃ እጠቡ። ከዚያ ለተክል የተሠራ የተባይ ሳሙና ጀርባውን እስኪያርስ ርጩ። የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ቅጠል ሊያቃጥል ይችላል። የምትረጩት መብራቱ ጠፍቶ ነው፤ ሳይደርቅ አታብሩ። ሳሙናው እንቁላሉን ስለማይገድል በየአምስት ቀኑ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ድገሙት። አንዴ ረጭቶ ተገላገልኩ የሚል ሰው በሁለተኛው ሳምንት ድሩን መልሶ ያገኘዋል።

ክሽክሽ (አፊድ) ለምለሙ ጫፍ ላይ ተሰብስቦ ቅጠሉን ያጣብቃል። ነጭ ዝንብ ተክሉን ስትነኩት ብን ይላል። ለሁለቱም ያው እጥበትና ሳሙና ነው።

ቅጠሉ ላዩ ቢጫ፣ ጀርባው ግራጫ አቧራ

በበሶብላ ላይ ይሄ ተባይ አይደለም፣ ዳውኒ ሚልዲው የሚባል በሽታ ነው፤ ማዳበሪያ አይፈታውም። የታመመውን ቆርጣችሁ በላስቲክ አስራችሁ ጣሉ። ቅጠሉን አታርጥቡ፣ ትንሽ ቬንትሌተር አብሩለት።

ይሄ ቅጠል ቡና ላይ፣ ሽሮና ቅቤ ውስጥ የሚገባ ነው። ስለዚህ የቤት በረሮ መግደያ ፈጽሞ አትርጩበት። የምትገዙት ነገር ለሚበላ ተክል የተፈቀደ መሆኑን፣ ከረጫችሁ በኋላ ስንት ቀን መቆየት እንዳለባችሁ መለያው ላይ አንብቡ። ጤና አዳም ስትቆርጡ ጓንት አድርጉ፤ ፈሳሹ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ሊያቃጥልና ውሃ ሊቋጥር ይችላል። አዲስ ተክል ስታመጡም ሁለት ሳምንት ሌላ ክፍል አቆዩት፣ በየሁለት ሦስት ቀኑም የቅጠሉን ጀርባ ገልብጣችሁ እዩ።