መድኃኒቱ የትሎቹን ዕድሜ አስረዘመ? መጀመሪያ ምግባቸውን ፈትሹ

ሲ ኤሌጋንስ የምትባለው ትል 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ናት። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ትኖራለች። ነባር መድኃኒቶች እርጅናን ያዘገዩ እንደሆነ ለማየት ብዙዎች ከእሷ የሚጀምሩት ለዚህ ነው። ውጤቷ ግን በቀላሉ ያሳስታል።

ችግር፦ መድኃኒት የተሰጣቸው ትሎች ብዙ ኖሩ፤ ለምን እንደሆነ ግን አይታወቅም።

በጣም የምጠረጥረው ምግባቸውን ነው። ትሎቹ የሚበሉት ሕያው ኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ነው፤ መድኃኒቱ እሱንም ያገኘዋል። የስኳር በሽታ መድኃኒት የሆነውን ሜትፎርሚንን እንይ። በ2013 የወጣ ጥናት መድኃኒቱ ባክቴሪያው ፎሌትን (ቫይታሚን ነው) እና ሜታዮኒንን (የፕሮቲን መሥሪያ ነው) የሚጠቀምበትን አሠራር እንደሚያውክ አሳየ። የትሎቹ ዕድሜ የረዘመው በዚህ በኩል ነበር። ባክቴሪያ በሌለበት ሲሰጣቸው ጭራሽ ዕድሜያቸው አጠረ!

መፍትሔ፦ ሙከራውን በሞተ ባክቴሪያ ጎን ለጎን ድገሙት። ጥቅሙ ከጠፋ መንገዱ በባክቴሪያው በኩል ነው ማለት ነው። እንደዚያም ሆኖ መድኃኒቱን አትጣሉት። የሰውም አንጀት ባክቴሪያ የሞላበት ነው፤ ለእኔ ትልቁ ጥያቄ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ችግር፦ ትሎቹ ከምግቡ ሸሽተው ሳህኑ ዳር ተሰብስበዋል፣ ከስተዋል።

መድኃኒቱ አልተስማማቸውም፣ ወይም ዶዙ በዝቷል። ትንሽ መብላት ብቻውን የትልን ዕድሜ ያስረዝማል፤ ስለዚህ ያያችሁት የረሃብን ውጤት ሊሆን ይችላል። ጉሮሮዋን በማይክሮስኮፕ እዩ። ጤነኛ ወጣት ትል ምግብ ላይ ስትሆን በደቂቃ ከ200 ጊዜ በላይ ይኮማተራል። ቁጥሩ ከወረደ ዶዙን ቀንሱ።

ችግር፦ መድኃኒት ያልተሰጣቸውም ትሎች ዕድሜያቸው ተለወጠ።

መድኃኒቱ የሚሟሟበትን ፈሳሽ፣ ዲኤምኤስኦን ጠርጥሩ። ለሁሉም ሳህን እኩል መጠን ጨምሩ።

ችግር፦ ሌላ ላብራቶሪ ሲሞክረው ውጤቱ አልመጣም።

የአሜሪካዎቹ ባክ ኢንስቲትዩት (የእርጅና ምርምር ተቋም)፣ ራትገርስ ዩኒቨርሲቲና ኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ከ2013 ጀምሮ አንድ ዓይነት ሙከራ በጋራ ሲሠሩ ይኸው ገጥሟቸዋል። ዕድሜን አንዱ እንቁላሉ ከተጣለበት፣ ሌላው ከተፈለፈለበት ሰዓት ይቆጥር ነበር። ስለዚህ የመነሻ ሰዓቱን፣ የሙቀት መጠኑን፣ የትሎቹን አያያዝ ሁሉ ጻፉ። ሞትንም በአንድ ደንብ ቁጠሩ፦ ያረጀች ትል ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ትተኛለች፤ በቀጭን የፕላቲኒየም ሽቦ ጭንቅላቷን ነካ አድርጓት፣ ካልተንቀሳቀሰች ሞታለች። የሳህኑ ግድግዳ ላይ ወጥታ የደረቀችውን ግን በእርጅና ከሞቱት ጋር አትደምሯት። ቆጣሪው የትኛው ሳህን መድኃኒት እንዳለበት እንዳያውቅም ሳህኖቹን በኮድ ምልክት አድርጉ።